ድራፍት ለአቶ ሀብተ ሥላሴ

«መጀመሪያ እኔን ብሳኝ!» አሉ እማማ ማሚት፣ ሁለት እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ትንሿ ፍሪጅ ላይ እንደለጠፉ።

የልጅ ልጃቸው ቻላቸው ድሪሉን እንደያዘ ፊት ለፊታቸው ቆሟል። ሸሚዙን ካወለቀ ቆይቷል፤ ላቡ ግን ከግንባሩ እየወረደ አይኑ ውስጥ ይገባል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ገና ረፋድ ላይ ነች፤ የቤቱ ቆርቆሮ ግን ከአሁኑ መንጣጣት ጀምሯል።

«እማማዬ፣ ድሪሉ ሶኬት ላይ ነው ያለው። ቀስ ብለሽ ተነሽልኝ።»

«ሶኬት ላይ ሆነ ሰማይ ላይ አልነሳም። ደህና ዕቃ፣ የምትሠራ ዕቃ፣ ምን አድርጋህ ነው አናቷን የምትበሳት?»

«ድራፍት እንድትቀዳ ነዋ! ትናንት ልነግርሽ ስል እልልታሽ መቼ አስወራኝ።»

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ፍሪጇ ትናንት ከሰመራ በአይሱዙ ተጭና መጥታ ደጃፍ ላይ ስትወርድ፣ እማማ ማሚት ሰፈሩ ነቅሎ እስኪወጣ እልል ብለዋል። ቻላቸው ሰመራ ውስጥ ኤሲና ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ አንድ ሆቴል የእንግዳ ክፍሎቹን ዕቃ ሲቀይር ይህችን አሮጌ ሚኒ ፍሪጅ ለድካሙ መርቆለታል። ቁመቷ ከእማማ ማሚት ወገብ አያልፍም። በሯ ላይ ግን የእንቁላል ቦታ አላት። እማማ ማሚት ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ ሲያቀዘቅዙ የኖሩት ጄሪካን ላይ እርጥብ ጆንያ እየጠመጠሙ ነፋስ ላይ በማቆም ነውና፣ ያንን የእንቁላል ቦታ ሲያዩ አይናቸው እንባ አቀረረ። ወዲያው ውሃ በሃይላንድ፣ ግማሽ ሎሚ፣ የአይን ጠብታቸውን፣ ጠበላቸውንና የጎረቤታቸውን የሐያትን የግመል ወተት አስገቡባት። እንቁላል ስላልነበራቸው በእንቁላሉ ቦታ ነጭ ሽንኩርት ደረደሩ። ከዚያ ከመተኛታቸው በፊት በሩን ደጋግመው እየከፈቱ ውስጥ የምትበራዋን አምፖል አዩ። በሩ ሲዘጋ አምፖሏ ትጥፋ አትጥፋ ግን የሚያዩበት መንገድ አልነበረም። «ስትበራ አድራ እሳት ብታስነሳስ?» አሉና ሶኬቱን ነቅለው ተኙ።

አሁን ያ ሁሉ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግፎ ይሞቃል።

«እማማዬ፣ እሁድ ማን እንደሚመጣ ረሳሽው እንዴ?» አለ ቻላቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የእማማ ማሚት እጆች ትንሽ ወረዱ። አልረሱም። እንዴት ይረሱታል? እንቅልፍ የነሳቸው እሱ አይደለም እንዴ!

እሁድ የሚመጡት አቶ ሀብተ ሥላሴ ናቸው፤ የትዕዛዝ አባት። ትዕዛዝ መልካ ወረር፣ እርሻ ምርምሩ ውስጥ የላብራቶሪ ሠራተኛ ናት። ቻላቸው የላብራቶሪውን ፍሪጅ ሊሠራ ሄዶ ነው ያገኛት፤ ፍሪጁ በአንድ ቀን ዳነ፤ ጠጋኙ ግን «ልየው እስቲ ደህና ነው ወይ» እያለ ወሩን ሙሉ ተመላለሰ። በኋላ በደንቡ መሠረት ሽማግሌ ተላከ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ደግሞ የድሮው ባቡር ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን የፉርጎ ፍሬን ሲፈትሹ ስለኖሩ፣ ሳይፈትሹ የሚያሳልፉት ነገር የለም። «ልጄ የምትገባበትን ቤትና የልጁን ሙያ በዓይኔ አይቼ ነው መልስ የምሰጣችሁ» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኟቸው። የሴት አባት የወንዱን ቤት ሊመረምር ሲሄድ ታይቶ ስለማይታወቅ፣ ሰፈሩ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም።

እኚሁ አቶ ሀብተ ሥላሴ ጠርሙስ ቢራ አይቀምሱም። ድሮ ባቡር ጣቢያው አጠገብ በነበረው «ቡፌ» የሚሉት ምግብ ቤት ሲጠጡት የኖሩት ድራፍት ምላሳቸው ላይ ቀርቶ፣ ጠርሙስ ሲቀርብላቸው «ይሄ የሞተ ነው» ብለው ይመልሱታል። የሰው ሰርግ ላይ ሳይቀር ብለውታል። ቻላቸው ይህን ከትዕዛዝ አፍ ሰምቶ ነው እቺን ፍሪጅ ሊበሳ የተነሳው።

ሰውየው እሺ ካሉ ቻላቸው የሰመራውን ሥራ ትቶ እዚሁ አዋሽ፣ ከሐያት ሻይ ቤት ቀጥሎ ባለችው ክፍል የራሱን ጥገና ቤት ይከፍታል። እምቢ ካሉ ግን አዋሽ የሚያስቀረው ነገር የለም። ገላፊ፣ ጂቡቲ ድንበር ላይ፣ የፍሪጅ ኮንቴይነር የሚጠግን ሰው እንፈልጋለን ብለውት ሰኞ መልሱን ይጠብቃሉ። ለእማማ ማሚት ገላፊ ማለት መንገዱ ነው። መንገዱ ደግሞ የተገለበጠ ተሳቢ፣ የተቃጠለ ቦቴ። የቻላቸውን አባት፣ አንድ ልጃቸውን፣ የበላባቸው ያው መንገድ ነው።

ከፍሪጇ ላይ ተነሱ።

«በል ብሳት። ግን ጫማ አድርግ።»

«አድርጌያለሁ እኮ።»

«ካልሲ ደርብበት።»

ቻላቸው ካልሲ አደረገ። ከዚያ ፍሪጇን ሰክቶ አስጀመራትና ጎንና ጎኗን በመዳፉ እየዳበሰ ዞራት።

«ምን እያደረግክ ነው? ታማለች እንዴ?»

«የሚሞቀውን ቦታ እየፈለግኩ ነው። ግድግዳዋ ውስጥ የጋዝ ቧንቧ አለ፤ እሱን ከበሳሁት አለቀላት።»

«ጋዝ?» አሉ እማማ ማሚት ወደ በሩ እያፈገፈጉ። «ጋዝ አለባት? እኔ አጠገቧ ነው እኮ ያደርኩት!»

በመጨረሻ አናቷ ላይ ሙቀት የሌለበት ቦታ አገኘና በሳት። ድሪሉ በጮኸ ቁጥር እማማ ማሚት ጓሮ ሆነው «በስመ አብ» ይላሉ፤ ዝም ባለ ቁጥር ደግሞ «ቻሌ! አለህ?» ይላሉ። መደርደሪያዎቹ ወጡ። የእንቁላሉ ቦታ በመጋዝ ተቆረጠ። ባዶ በሆነችው ሆዷ ውስጥ ትንሽ የድራፍት በርሜል ተቀመጠ፤ ከበርሜሉ የተነሳ ቀጭን ጎማ በቀዳዳው ወጥቶ አናቷ ላይ ከተተከለች የምታብለጨልጭ ቧንቧ ጋር ተጋጠመ። ጎኗ ላይ አንድ ወፍራም የብረት ሲሊንደር ቆመ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ካርቦን ነው። ቢራውን የሚገፋው።»

«ቢራ ለምን ይገፋል? ጠላ ማንም ሳይገፋው ይወርድ የለም እንዴ? የሚፈነዳ ነገር ቤቴ አታስገባ ቻሌ።»

«አይፈነዳም እማማዬ! እንኳን ሊያቃጥል እሳት የሚያጠፋ ጋዝ ነው።»

እማማ ማሚት ሲሊንደሩን ዞረው አዩት። «እሳት የሚያጠፋ ደግ ነገር ከሆነ ታዲያ ለምን እንደዚህ ያለ ብረት ውስጥ አሰሩት?»

መልስ አልጠበቁም። የውሃ ጄሪካናቸውን ጆንያ ፈትተው፣ አርሰው፣ ሲሊንደሩን ልክ እንደ ሕፃን ጠቀለሉት። ቀጥለው ሦስቱን ሕፃናት ከእሳት ያወጣውን የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ከአልጋቸው ራስጌ አንስተው ከፍሪጇ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ከሥሩ የደገፉበት ሚስማር ትልቅ ስለነበር ግማሹ ከሥዕሉ በታች ተርፎ ቀረ።

ይህን ሲጨርሱ ሐያት በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። ሐያት የወሎ ሰው ናት፤ ሻይ ቤቷና የእማማ ማሚት ጓሮ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ይዋሰናሉ።

«እትዬ ማሚት፣ ወተቴ ደህና አደረች?»

«ወተትሽ ተባረረች እህቴ። ቢራ ገባ።»

«ያ ረቢ! ከቢራ ጋር ነው ያደረችው?»

«ኧረ አልተገናኙም። እሷ ወጣች፣ እሱ ገባ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሐያትና አንገቷን አስግጋ በክፍቱ የጓሮ በር ጆንያ የለበሰውን ሲሊንደር አየች። «እሱ ምን ሆኖ ነው ጋቢ ያለበሳችሁት? ብርድ ይዞት ነው በዚህ ሙቀት?»

«ተይኝ ሐያቴ። እኔን ነው የያዘኝ።»

አርብ አመሻሽ ላይ ፍሪጇ ሥራ ጀመረች። ቻላቸው በሶኬቱና በግድግዳው መሐል አንዲት ትንሽ ሳጥን ሰካ። ሳጥኗ ላይ ቀይ መብራት ታበራለች።

«አሁን ስሚኝ እማማዬ። ይቺ ጋርድ ትባላለች። መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል ቢመጣ እንኳን እሷ ትቆርጠዋለች፤ ሲረጋጋ ደግሞ ራሷ ትለቀዋለች። ነገ መልካ ወረር የተበላሸ ኤሲ አለብኝ፤ እዚያው አድሬ እሁድ እንግዶቹን ይዤ ነው የምመጣው። ስለዚህ ሶኬቱን አትንኪ። ምንም ቢሆን።»

«እሺ።»

«እማማዬ?»

«እሺ አልኩህ! ሰውን አንዴ ሲነግሩት አይሰማም እንዴ?»

ቅዳሜ ከሰዓት ላይ መብራት ሄደ።

አዋሽ ውስጥ መብራት መሄዱ አያስፈራም። የሚያስፈራው መምጣቱ ነው። ሲመጣ እንደ ሰው አንኳኩቶ አይመጣም፤ በር ሰብሮ ነው የሚገባው። የጎረቤቱን የሰዒድን ቴሌቪዥን ያነደደው ሲመጣ ነው። የወፍጮ ቤቱን ሞተር ያስጮኸው ሲመጣ ነው። ስለዚህ በሰፈሩ መብራት ሲሄድ ያለው ሥራ አንድ ነው፤ ሰው ከተቀመጠበት ተነስቶ ያለውን ሶኬት ሁሉ ይነቅላል። እማማ ማሚትም በልማድ ብድግ አሉ። ግማሽ መንገድ ላይ ቻላቸውን አስታወሱና ቆሙ።

ጋርዷን አዩ። ቀይ መብራቷ ጠፍቷል።

«እንዴ!» አሉ ጮክ ብለው። «መብራት ሲጠፋ አብራ የምትጠፋ ጠባቂ፣ ምኑን ጠባቂ ሆነችው?»

ተመልሰው ተቀመጡ። ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ። ፍሪጇ ብትቃጠልስ? ፍሪጇ ስትቃጠል ሲሊንደሩ ቢሰማስ? ሲሊንደሩ ቢፈነዳ ሐያት ሻይ ቤት ያለው ሰው ሁሉ... ቢላዋውን አስቀመጡ። ገብርኤልን ቀና ብለው አዩት፤ እሱ ራሱ «ምን ትጠብቂያለሽ?» የሚላቸው መሰላቸው። ሄዱና ሶኬቱን ነቀሉት። ለክፉም ለደግም ብለው ጫፉን በፌስታል ጠቀለሉት፤ ፌስታሉን በክር አሰሩት፤ ማንም እንዳይረግጠው ከሥዕሉ ሥር በተረፈው ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

«ለጊዜው ነው» አሉ። «በሯ ዝግ ነው፤ ቅዝቃዜው ወዴት ይሄዳል?»

መብራት መጣ። ከዚያ ሄደ። ከዚያ መጣ። እስኪረጋጋ ልጠብቅ አሉ። በመሐል ሥጋው መጣ፤ ቤቱ ተጠረገ፤ መጋረጃው ታጠበ፤ ሰው እንደሚመጣበት ቤት ሁሉ ሥራው ሥራን ወለደ። እማማ ማሚት በፍሪጇ አጠገብ ባለፉ ቁጥር በሯን በጣታቸው ጫን እያሉ፣ ጥብቅ ብሎ መዘጋቱን ሲያዩ ልባቸው ረፍት እያገኘ ያልፉ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንግዶቹ ገቡ። አቶ ሀብተ ሥላሴ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው መጥተዋል። አብረዋቸው፣ የተላኩትን ሽማግሌዎች የመሩት አቶ ባንተይርጋ አሉ፤ ሆዳቸው የሚቀድማቸው፣ ጨዋታ የማያጡ ሰው። ቻላቸው ከኋላ ይከተላል።

አቶ ሀብተ ሥላሴ «እንደምን ዋላችሁ» ካሉ በኋላ አልተቀመጡም። ግድግዳውን አንኳኩ። መስኮቱን ከፍተው ዘጉ። በሩን ወዲህና ወዲያ አወዛወዙና ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ማጠፊያው ዘይት ይፈልጋል።»

«ዛሬውኑ ይቀባል» አሉ እማማ ማሚት።

«ጣሪያው ያፈሳል?»

«ኧረ ጋሽ ሀብቴ» አሉ አቶ ባንተይርጋ ቁጭ እያሉ፣ «አዋሽ ላይ ምን ዘንቦ ነው የሚያፈሰው? ይልቅ እዚህ ይምጡና ይቺን ይዩ!»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ዞሩ። ፍሪጇን አዩ። ቧንቧዋን አዩ። ዞረው ወደ ቻላቸው ሲመለከቱ ፊታቸው የጎረምሳ ፊት ሆኖ ነበር።

«ድራፍት? ቤት ውስጥ?»

«አዎ ጋሼ። በእጄ ነው የሠራኋት።»

«አንተ? በእጅህ?» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እማማ ማሚት ከጓዳው በር ላይ ሆነው ልባቸው በደስታ ዘለለ። በዚያችው ቅጽበት ግን አይናቸው ከገብርኤል ሥር በተንጠለጠለው ፌስታል ላይ አረፈ።

«ቻሌ!» አሉ። ቻላቸው ግን ጃምቦውን ደቅኖ ቧንቧዋን ስቧታል።

ቧንቧዋ መጀመሪያ አስነጠሰች። ቀጥላ ተፋች። ከዚያ አረፋ፣ ነጭ አረፋ፣ አረፋ ብቻ መልቀቅ ጀመረች። ጃምቦው ሞላ፤ ፈሰሰ። ቻላቸው ሌላ ጃምቦ ደቀነ፤ እሱም አረፋ። ልዝጋት ብሎ ሲታገል ከንፍጥ የወፈረ አረፋ ተወርውሮ አቶ ሀብተ ሥላሴን ከከረቫታቸው እስከ ጉልበታቸው ለበጣቸው።

ቻላቸው ቧንቧዋን እንደምንም ዘጋት።

«ይሄ እንኳን...» አሉ አቶ ባንተይርጋ፣ «ለመጠጥ ነው ለልብስ?»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ከጺማቸው ላይ አረፋ በጣታቸው ጠርገው ቀመሱ።

«ሞቋል» አሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የከፋው። «ልጅ ቻላቸው፣ ሙያህ ፍሪጅ ነው ብለህኝ አልነበረም?»

«ነው ጋሼ፤ አርብ ዕለት እኮ በረዶ ሊሆን ምንም...»

አቶ ሀብተ ሥላሴ አላስጨረሱትም። ፉርጎ ሥር እንደሚገቡበት ጊዜ ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ሳብ አድርገው ተንበረከኩ። ከፍሪጇ ጀርባ የወጣውን ሽቦ በጣታቸው እየተከተሉ በግድግዳው ሽቅብ ወጡ። ገብርኤል እግር ሥር ሲደርሱ ቆሙ። ፌስታሉን ከሚስማሩ አውርደው ቋጠሮውን ትክ ብለው አዩት። የሚያውቁትን ሰው መንገድ ላይ ያዩ ይመስሉ ነበር።

«ማን ነው ያሰረው?»

እማማ ማሚት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ቻላቸው አያቱን አየ። ነገሩ በአንዴ ገባው። አንገቱን ደፋ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ለጥንቃቄ ብዬ ነቀልኩት፤ ከዚያ ረሳሁት።»

«አንተ?»

«እኔ።»

እማማ ማሚት ገላፊ ታያቸው። መንገዱ፣ ተሳቢው፣ ጭሱ። ልጁ ለእሳቸው ብሎ፣ ፍሪጅ መሰካት የረሳ ፍሪጅ ሠራተኛ ሆኖ ሰው ፊት ቆሟል። ከጓዳው በር ተንደርድረው መሐል ቤት ገቡ።

«ውሸቱን ነው! እኔ ነኝ! አትንኪ ብሎኝ ሄደ፤ ነካሁት። አስሬም ሰቀልኩት። እሱ ምን ቤት ነው? አገር ይመስክር፣ ይሄን የመሰለ ቋጠሮ ማሰር አይችልም፤ የጫማውን ክር እንኳን እስከ ስንት ዓመቱ እኔ ነኝ ያሰርኩለት!»

«እማማዬ በቃ...» አለ ቻላቸው ጆሮው እየቀላ።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ተነስተው ጉልበታቸውን አራገፉ። «እንግዲህ» አሉ ቻላቸውን እያዩ፣ «ለአያቱ ብሎ የሚዋሽ ልጅ፣ ነገ ለሚስቱም ላለመዋሸቱ ምን ዋስትና አለኝ?»

«እንዲህ ያለ ውሸት ከሆነ ይዋሽላት» አሉ አቶ ባንተይርጋ። «እኔን ሚስቴ ጥፋቷን አንድ ቀን ወስጄላት ብታየኝ፣ ይሄኔ ምን ያህል ዶሮ በልቼ ነበር!»

አቶ ሀብተ ሥላሴ አልሳቁም። ግን ከረቫታቸውን ፈትተው ወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀሉት።

«ለመቀዝቀዝ ምን ያህል ይፈጅበታል?»

ቻላቸው ቀና አለ። «በፍሪጇ ብቻ እስከ ማታ። በረዶ ካገኘን ግን ምሳ ተበልቶ ሲያልቅ ይደርሳል።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ። ባቡር ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

እማማ ማሚት ሳፋ ይዘው ወደ አጥሩ ሮጡ። ሐያት ሻይ ቤት ውስጥ በፌስታል እያሰረች የምትሸጠው በረዶ እንዳላት ያውቃሉ።

«ሐያቴ፣ ድረሽልኝ። በረዶ ስጪኝ፤ ያለሽን ሁሉ።»

ሐያት በአጥሩ ቀዳዳ አየቻቸው። «ለምንድን ነው?»

«አትጠይቂኝ።»

«ለቢራው ነው አይደል?»

«ለቻላቸው ነው!»

ሐያት ወደ ሰማይ አየች፤ ወደ ምድር አየች። ቻላቸው ፍሪዘሯን ስንቴ በነጻ ሠርቶላታል። «ለቻላቸው ከሆነ ጥሩ። ውሃ ነው፤ ለልጁ ሰጠሁት። እሱ ምን እንደሚያደርግበት አላህ እሱኑ ይጠይቀው» አለችና ፊቷን ወደ ሌላ ጎን አዙራ በረዶውን በአጥሩ አናት ላይ ታቀብል ጀመር። «ወላሂ ምንም አላየሁም። ብቻ ለወተቴ ቦታ ፈልጉላት።»

በርሜሉ ከፍሪጇ ወጥቶ ሳፋ ውስጥ በበረዶ ተቀበረ። ቻላቸው ጨው ነሰነሰበት። ከዚያ ዙሪያውን ተመለከተና «እማማዬ፣ ያንን ጆንያሽን ስጪኝ» አለ። ሲሊንደሩን አራቁተው በርሜሉን አለበሱት። እማማ ማሚት ሲሊንደሩ ዕርቃኑን ሲቀር ዘወር ብለው አማተቡ። ሶኬቱም ተሰካ፤ የጋርዷ ቀይ መብራት በራ፤ ፍሪጇ ማጉረምረም ጀመረች።

የፍየሉ ጥብስ ቀረበ። አቶ ሀብተ ሥላሴ እየበሉ ይጠይቃሉ፤ ቻላቸው ይመልሳል። ጥገና ቤቱ የት ይሆናል? የኤሲ ሥራ በክረምት ይቀንሳል አይቀንስም? ትዕዛዝ ከመልካ ወረር በምን ትመላለሳለች? እማማ ማሚት ይህን ሁሉ ከጓዳው እየሰሙ፣ ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ መልስ በተመለሰ ቁጥር ይለቃሉ።

ምሳው ሲነሳ በርሜሉ ወደ ፍሪጇ ተመለሰ። ቻላቸው የሲሊንደሩን መክፈቻ ቀነስ አድርጎ ጃምቦውን አጋደለው። ቧንቧዋን ሳባት።

በዚህ ጊዜ አላስነጠሰችም። ወርቃማው ቢራ በጃምቦው ጎን እየተንሸራተተ ወረደ፤ አናቱ ላይ ነጭ ቆብ ሠራ። ጃምቦው ላብ አወጣ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ተቀብለው ብርሃን ላይ ከፍ አድርገው አዩት። አሸተቱት። ከዚያ አይናቸውን ጨፍነው ጠጡ፤ ጃምቦው እስኪደርቅ ከከንፈራቸው አላላቀቁትም።

«ይሄ» አሉ ሲጨርሱ፣ «ሕይወት አለው።»

አቶ ባንተይርጋ «ታዲያ የኛስ ነገር?» አሉ ጉዳዩን እንደዋዛ ወርወር አድርገው።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ጃምቦውን አስቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቻላቸው እጁ ቧንቧዋ ላይ ደረቀ። እማማ ማሚት ከጓዳው በር አንድ እግራቸውን አወጡ።

መብራት ሄደ።

የሐያት ሻይ ቤት ሬዲዮ ቀጥ አለ። ፍሪጇ አንዴ ተንቀጠቀጠችና ዝም አለች። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከቦታቸው ተነሱ፤ እማማ ማሚት ከበሩ፣ አቶ ሀብተ ሥላሴ ከወንበራቸው። ሁለቱም እጃቸውን ወደዚያው ሶኬት ዘርግተው ነበር።

«ቶሎ ይነቀል!» አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ። «ሲመጣ ያቃጥለዋል! ፌስታሏ የታለች?»

«ወይ ጉድ!» አሉ አቶ ባንተይርጋ ሆዳቸውን ይዘው። «ቋጠሮውን ትክ ብለው ያዩት ለካ ወገንዎ ቢሆን ነው!»

እማማ ማሚት ቀድመው ደረሱ። ጣቶቻቸው ሶኬቱን ያዙ። የጋርዷ ቀይ መብራት ጠፍቷል። ሲሊንደሩ ያለ ጆንያው ራቁቱን ቆሟል። ቀና ሲሉ ቻላቸው እያያቸው ነበር። «ተይው» አላላቸውም።

ሶኬቱን ለቀቁት። ከዚያ ዞሩና ጀርባቸውን ፍሪጇ ላይ ለጠፉ፤ ሁለት እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉ።

«አይንኩት!» አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴን። «ይቀመጡ። ልጄ ጋርድ አድርጎበታል።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ እጃቸውን እንደዘረጉ ትንሽ ቆሙ። አሮጊቷን አዩ፤ የጠፋችውን ቀይ መብራት አዩ፤ ሠሪውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ሰብስበው ተመልሰው ተቀመጡና ባዶውን ጃምቦ ወደ ቻላቸው ገፋ አደረጉት።

«እንግዲያው ሳይሞቅ ድገመኝ፣ ልጄ።»

ቻላቸው ቀዳ፤ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ አፈሰሰ። አቶ ባንተይርጋ «እሰይ! ‹ልጄ› አሉት!» ብለው የራሳቸውን ጃምቦ አቀረቡ። «እማማዬ፣ ነይ አንቺም ቁጭ በይ» አለ ቻላቸው።

«እዚሁ ይሻለኛል» አሉ እማማ ማሚት። መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ከፍሪጇ ላይ ንቅንቅ አላሉም።